ካሜራው ማንን ያነጋግራል? የንግግር አማርኛን በቪዲዮ ስለ መማር

መናገርና መነጋገር ተቀራራቢ ቢመስሉም የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። መናገር ሐሳብን በተገቢው ቃልና አገባብ ማውጣት ሲሆን፣ መነጋገር ግን ይህንኑ በሌላ ሰው ፊት፣ ያ ሰው በሚናገርበት ፍጥነትና እሱ ጨዋታውን በወሰደበት አቅጣጫ ማድረግን ይጠይቃል፤ በዚህም ምክንያት የአንድን ቋንቋ ሰዋስው ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ገበያ ወጥቶ ሽምብራ ለመግዛት አፉ ሲተሳሰር ይታያል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ኢንተርኔት ላይ በሚገኙ የቪዲዮ ትምህርቶች የንግግር አማርኛን መማር ሲሆን፣ ለትምህርቶቹ መመዘኛ ሆና የምትቀርበውም ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ማክሰኝት ናት። ትምህርቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጹት በአዲስ አበባ አነጋገር ነው፤ ከተማሪዎቹ መካከል ግን ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከጎንደርና ከአካባቢዋ ወጥተው በዋሽንግተን ወይም በእስራኤል የተወለዱ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ተምረው ሊያነጋግሩት የሚፈልጉት ሰው የሚናገረው የስቱዲዮውን ሳይሆን የማክሰኝትን ዓይነት አማርኛ ነው።

አማርኛን ከአገሩ ውጭ ለመማር ከተደረጉት ጥረቶች በስፋት የሚታወቀው የ17ኛው ክፍለ ዘመኑ የጀርመናዊው ሊቅ የሂዮብ ሉዶልፍ ጥረት ነው። ሉዶልፍ ግእዝን አውሮፓ ውስጥ ከሚገኙ ጥቂት መጻሕፍት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሲገናኝ ሁለቱን ያገናኛቸው ቋንቋ ያው ግእዝ ነበር፤ ሆኖም ሊቁ ግእዝን በዓይኑ እንጂ በጆሮውና በአፉ ስላልለመደው ንግግሩ የተቃናው ከልምምድ በኋላ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጉዘው ከሉዶልፍ ጋር ሠርተዋል፤ በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም በዋናነት ከእሳቸው በተገኘ ዕውቀት ላይ የቆሙ ናቸው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያያት ነው የሞተው፤ በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን የሉዶልፍን መጻሕፍት ይዞ የተዘጋጀ ተጓዥ ነበር። የርቀት ትምህርት አዲስ ነገር አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል፤ ርቀቱን ከመነሻው የሰበረው ደግሞ የታተመው ወረቀት ሳይሆን ከፊት ተቀምጦ የሚጠየቅና የሚመልስ ሰው ነበር።

የድምፅ መቅጃ ክር ሲመጣ ጆሮ ተራውን አገኘ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቋንቋ ተቋም ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጀው የአማርኛ መሠረታዊ ትምህርት በ1964፣ ኧርል ስቲቪክ የተባለው ምሁር ለዚሁ ተቋም ያዘጋጀው የሾና መሠረታዊ ትምህርት ደግሞ በ1965 ታተመ። ሾና የዚምባብዌ ዋና ቋንቋ ሲሆን በባንቱ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ፣ ከአማርኛ ጋር የዘር ዝምድና የሌለው ቋንቋ ነው፤ ሆኖም የሁለቱ የመማሪያ ታሪክ ደጋግሞ ይገናኛል፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የጉግል የትርጉም አገልግሎት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በ2016፣ አካቷቸዋል። የዚያ ዘመን ትምህርት የተመሠረተው በመደጋገም ላይ ነበር፤ ክሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰማል፣ ለተማሪው ክፍት ጊዜ ይተዋል፣ ተማሪውም እስኪለምደው ይደጋግመዋል። ይኸው ተቋም አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሥራውን በአማርኛ ለማከናወን የሚበቃ ችሎታ ላይ ለመድረስ 44 ሳምንት ወይም 1,100 የክፍል ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልገው ይገምታል። አሥር ደቂቃ የሚረዝም ቪዲዮ በየቀኑ አንድ ብቻ የሚመለከት ሰው ይህን ሰዓት ለመሙላት 6,600 ቀን ማለትም 18 ዓመት ይፈጅበታል፤ በጥቂት ሳምንታት አማርኛ አቀላጥፎ መናገር እንደሚቻል የሚያበስሩ የቪዲዮ ርእሶች የሚነበቡት ይህን ሒሳብ በመያዝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ቪዲዮ ለአማርኛ ተማሪ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ አይደለም፤ እንዲያውም ፊደል የሚሰውረውን ነገር የሚገልጠው እሱ ነው። የግእዝ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አጣምሮ በጥንቃቄ ይጽፋል፤ የድምፅን መጥበቅና መላላት ግን አያሳይም። መጥበቅ ማለት አንድን ተነባቢ አርዝሞና አጠንክሮ ማሰማት ሲሆን፣ የቃልን ትርጉም ከሥሩ ይለውጣል፤ «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነገር የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ የሚደረግ ነው፣ ጠብቆ የነገር ሁሉ ራስ ነው። «ይበላል» የሚለውን ጽሑፍ ላይ ያየ ተማሪ ሰውየው እንጀራውን እየበላ ይሁን ወይስ እንጀራው የሚበላ ነገር ይሁን የሚያውቀው ከዐውዱ ብቻ ሲሆን፣ ድምፁን የሰማ ግን ወዲያው ይለየዋል። ሾናም ተመሳሳይ ምስጢር አለው፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሾና የድምፅን ከፍታና ዝቅታ በጽሑፍ አያመለክትም፤ ይሁንና ይህ ከፍታና ዝቅታ አንዱን ቃል ከሌላው ሊለይ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ቋንቋ ተማሪ ከገጽ ይልቅ ለጆሮው ቢያደላ ትክክል ነው። እዚህ ላይ ብዙ የቪዲዮ አዘጋጆች የሚፈጽሙትን ስሕተት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ተማሪውን ከፊደል ለማሳረፍ ሲሉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ከምስሉ ግርጌ ይጽፉለታል። ውጤቱም ተማሪው ጆሮውን ትቶ ጽሑፉን መከተሉ፣ «ጠ»ን እንደ «ተ»፣ «ቀ»ን እንደ «ከ» ማንበቡ ነው። ጆሮ ይቅደም፣ ፊደል ይከተል፣ ላቲኑ ከነጭራሹ ይቅር የሚለው ቅደም ተከተል ለጀማሪ የከበደ ቢመስልም ኋላ ከሚመጣው እርማት ይቀላል።

ምስል ከድምፅ ክር የሚበልጥበት ሌላው ቦታ ሰውነት ነው። በሾና ባህል ሰላምታ ከእጅ ማጨብጨብ ጋር የሚሄድ ሲሆን የወንዱና የሴቷ የመዳፍ አያያዝ ይለያያል፤ ይህን በቃላት ከማስረዳት አንድ ጊዜ ማሳየት ይበቃል። በጎንደር አካባቢም ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫ ብድግ ማለት፣ ዕቃ ሲሰጡም ሆነ ሲቀበሉ ሁለት እጅን መጠቀም ወይም ቀኝን በግራ መደገፍ፣ ቄስ ሲያጋጥም መስቀል መሳለም፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሰላም መባባል የንግግሩ አካል ናቸው። አዎንታን በቃል ከመመለስ ይልቅ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ ማሰማትም እንዲሁ ነው፤ ይህን ልማድ የማያውቅ እንግዳ የሚያነጋግረው ሰው የደነገጠ ወይም ያመመው ሊመስለው ይችላል፤ የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ ይህን ድምፅ የሚጽፉበት ፊደል የላቸውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን ለቪዲዮ አስቸጋሪ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንድን ሰው በግሥ ሲያነጋግር፣ ያ ሰው ወንድ ይሁን ሴት፣ የሚከበር ይሁን የሚቀረብ፣ አንድ ይሁን ብዙ ሳይወስን አፉን መክፈት አይችልም። «ና»፣ «ነይ»፣ «ይምጡ»፣ «ኑ» አራት ውሳኔዎች ናቸው፤ ከአራቱ ውጭ ገለልተኛ መሸሸጊያ የለም። ዕለታዊ ሰላምታውም እንኳ «ደኅና አደርህ»፣ «ደኅና አደርሽ»፣ «ደኅና አደሩ»፣ «ደኅና አደራችሁ» እያለ ይከፋፈላል። አፍ የፈታ ሰው ይህን ውሳኔ ሳያስበው የሚወስነው ከፊቱ ያለውን ሰው ስለሚያይ ነው፤ ነጠላዋን፣ ሽበቱን፣ ጥምጣሙን፣ የልጁን ቁመት አይቶ ግሡን ያስተካክላል። ካሜራ ግን ዕድሜ የለውም፣ ጾታ የለውም፣ ማዕረግም የለውም። አስተማሪው ወደ ካሜራው እየተመለከተ «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ሲል ማንንም አይጠይቅም፤ የግሥ እርባታ ነው የሚዘረዝረው። ተማሪውም አራቱን ቅርጾች በቃሉ ይይዛል፤ ከሰው ፊት ቆሞ አንዱን ለመምረጥ ያለውን ቅጽበት ግን አንድም ጊዜ አልተለማመደውም።

ያ ቅጽበት ደግሞ በጣም አጭር ነው። በ2009 የታተመ፣ ከልዩ ልዩ ክፍለ ዓለማት የተመረጡ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው አንዱ ተናጋሪ ጥያቄውን ጨርሶ ሌላው እስኪመልስ የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። አንድን ቃል ከሐሳብ አንሥቶ በአፍ እስከ ማውጣት ከግማሽ ሰከንድ በላይ ስለሚፈጅ፣ ተነጋጋሪ ሁሉ መልሱን የሚያዘጋጀው ሌላው ገና ሲናገር ነው ማለት ነው። ቪዲዮን ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል፤ ይህ ለመስማት ትልቅ ጸጋ ሆኖ ሳለ ለመነጋገር ግን ተማሪውን ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እንዲመስለው ያደርገዋል። የማክሰኝት የገበያ ሰላምታ ከዚህም አልፎ ተራ የሚጠብቅ አይደለም። ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ እንዴት ማደራቸውን፣ የልጆቹን፣ የቤተ ሰቡን፣ የከብቱን ደኅንነት እኩል እየጠየቁ እኩል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ የሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»ም እንዲሁ ከጥያቄው ጋር ይደራረባል። መልስ ለመስማት ዝም ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ በዚህ ወንዝ ውስጥ መግቢያ አያገኝም፤ በቪዲዮዎቹ ውስጥ ግን አንዱ ጠይቆ ሲያበቃ ሌላው በሥርዓት ይመልሳል።

የዚህ ጉድለት ዋና ተጎጂ ባዕዱ ተማሪ ሳይሆን የአገሩ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ከተጓዦቹ እጅግ ብዙዎቹ የጎንደር አካባቢ ተወላጆች ነበሩ፤ በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ደግሞ የአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር ከማደጉ የተነሣ በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሲተገበር አማርኛ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። በእነዚህ ቤቶች የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም። የሚሰማውም ለእሱ የተነገረውን ነው። እናቱ ብቻ በአማርኛ የምታናግረው ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ሲባል ይውላል፤ እናቱን መጥራት ሲፈልግ የሚያውቀው ይህንኑ ስለሆነ «ና» ይላታል፣ አያቱንም «ብላ» ይላቸዋል። ቤተ ሰቡ ይስቃል፣ ልጁ ያፍራል፣ ካፈረም በኋላ ወደ እንግሊዝኛው ወይም ወደ ዕብራይስጡ ይመለሳል። ማክሰኝት ያደገ እኩያው ከእሱ የበለጠ የተማረው ነገር የለም፤ ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ እናቱ ጎረቤቷን «ነይ» ስትል፣ አባቱ ቄሱን «ይግቡ» ሲል፣ ታላቅ እህቱ ስትጠራ «አቤት» ስትል፣ አያቱ ግን ሲጠሩ «ወይ» ብቻ ሲሉ ለእሱ ያልተነገረውን ንግግር ሁሉ በአጠገባቸው ሆኖ ሰምቷል።

ለራስ ያልተነገረ ንግግር የሚሰጠው ጥቅም በምርምርም ታይቷል። ቴሪ ኦና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በልጅነታቸው ስፓኒሽን በዙሪያቸው ሲነገር ብቻ እየሰሙ ያደጉ አሜሪካውያን ቋንቋውን ካደጉ በኋላ ሲማሩት፣ እንዲያ ያለ ዕድል ካላገኙት ተማሪዎች ይልቅ አነጋገራቸው ለአገሬው ይቀርብ ነበር። በሌላ በኩል ፓትሪሻ ኩል በ2003 ያሳተመችው ሥራ የስክሪንን ወሰን ያመለክታል፤ ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ከቻይንኛ ተናጋሪዎች ጋር በአካል ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ሲችሉ፣ እነዚያኑ ሰዎች በቪዲዮ ያዩት ሕፃናት ግን ቻይንኛ ፈጽሞ ካልሰሙት ያልተሻለ ውጤት አሳይተዋል። የሕፃናቱን ውጤት እንዳለ ወደ አዋቂ ተማሪ ማዛወር ትክክል አይሆንም፤ አዋቂ ሰው ለምን እንደሚማር ያውቃል፣ ራሱንም ያስገድዳል። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ግን የቪዲዮ ትምህርት አዘጋጅ ሊያስብበት የሚገባውን ነጥብ ይጠቁማሉ፤ ስክሪን ሰውን ተክቶ ማነጋገር አይችልም፣ ሰዎች ሲነጋገሩ ማስደመጥ ግን ይችላል።

በዚህ መለኪያ ሲታይ ጥሩ የሚባለው የአማርኛ ቪዲዮ አስተማሪው ተመልካቹን ፊት ለፊት የሚያይበት አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ካሜራውም እንደ ጎረቤት ልጅ በር ላይ ቆሞ የሚያደምጥበት ነው። አንዲት ወጣት ገዢ ከሽማግሌ ነጭ ሽንኩርት ስትገዛ «ይቀንሱልኝ»፣ ከእኩያዋ ስትገዛ «ቀንሺልኝ»፣ ከትንሽ ልጅ ስትገዛ «ቀንስልኝ» ስትል ማየት፣ ሦስቱን ቅርጾች በሰንጠረዥ ከማጥናት የሚለየው ተማሪው ቅርጹን ከሰው ፊት ጋር ስለሚያያይዘው ነው። ለልጆች ተብለው የተሠሩ ታሪኮችም በዚህ ረገድ ሳይታሰቡ ከመማሪያ ቪዲዮዎች የሚበልጡበት ጊዜ አለ፤ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የቋንቋ ትምህርት ሆኖ ባይታሰብም ቀጭኔዋ ፀሐይ ከቤተ ሰቧና ከጓደኞቿ ጋር ስለምትነጋገር ውጭ አገር ላደገ ልጅ ታላቅና ታናሽ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያሰማዋል።

እንዲህ ያለው ቀረጻ ሌላም ነገር ያስገኛል። ለካሜራ የሚነገር አማርኛ ከንግግር ቅመሞቹ የጸዳ ነው፤ «እኮ»፣ «እንጂ»፣ «ታዲያ»፣ «እንግዲህ»፣ «ኧረ»፣ «በል»፣ «እንዴ» የሚባሉት ቃላት ራሳቸውን ችለው የሚሰጡት ፍቺ ትንሽ ቢሆንም፣ ተናጋሪው አድማጩ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚጠብቅ የሚያሳስብባቸው ናቸው። «ነግሬሃለሁ» የሚለው መረጃ ነው፤ «ነግሬሃለሁ እኮ» የሚለው ግን ወቀሳም ማስታወሻም ነው፤ ይህም የሚሆነው አንድ የተነገረውና የረሳ ሰው ከፊት ሲኖር ብቻ ነው። የመማሪያ አዘጋጆች ትርጉማቸውን በአንድ መስመር መስጠት ስለሚያቅታቸው ያልፏቸዋል፤ ይልቁንም ብዙዎቹ ወደ ሰምና ወርቅ ይሮጣሉ፤ ቅኔ የአማርኛ ኩራት መሆኑ ባይካድም «እኮ»ን በቦታው መጠቀም ያልቻለ ተማሪ ለቅኔ ገና ነው።

ስለ አካባቢ አነጋገር አጭር ማስታወሻ ያስፈልጋል። ሀብተ ማርያም ማርቆስ በ1973 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የአማርኛን አካባቢያዊ ልዩነት ከመረመሩት ምሁራን አንዱ ናቸው፤ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ አነጋገሮች በድምፅም በቃላትም እንደሚለያዩ ይታወቃል። በአዲስ አበባ «ከ» የሚባለው በሌሎች አካባቢዎች «ተ» ወይም «ኸ» ሆኖ ይሰማል፤ አዲስ አበቤው «እርስዎ» የሚላቸውን አዛውንት የጎንደር ገጠር ሰው «አንቱ» ይላቸዋል፤ ታላቅ ወንድምን ወይም ጎልማሳን «አያ» ብሎ መጥራትም በዚያው አካባቢ የተለመደ ነው። ልዩነቱ መግባባትን የሚከለክል አይደለም፤ በቪዲዮ ብቻ የተማረው ሰው ግን አያቱ የሚናገሩት አማርኛ ስሕተት ወይም ሌላ ቋንቋ እንዳይመስለው አስቀድሞ ሊሰማው ይገባል።

ከሾና ሊወሰድ የሚችል አንድ ተግባራዊ ዘዴም አለ። ሾና አንድን ሰው ለማክበር የብዙ ቁጥር ቅርጽን ይጠቀማል፤ እንዴት ነህ ለማለት ለቅርብ ሰው «ዋካዲ» ሲባል ለሚከበር ሰው ወይም ለብዙዎች «ማካዲ» ይባላል፤ የሾና ትምህርቶችም አዲስ ተማሪ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲገናኝ ነውር ውስጥ እንዳይገባ በአክብሮቱ ቅርጽ መጀመራቸው የተለመደ ነው። የአማርኛ ትምህርቶች ግን በአብዛኛው «አንተ»ንና «አንቺ»ን አስቀድመው «እርስዎ»ን በኋላ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ በሌላ ክፍል ያቀርቡታል። ይህ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአክብሮት ቅርጽ ወንድና ሴትን አይለይም፤ «ይመጣሉ» ለእናትም ለአባትም ይሆናል። ሁለተኛ፣ ይኸው «ይመጣሉ» ለ«እሳቸው»ም ለ«እነሱ»ም የሚያገለግል ስለሆነ ተማሪው አንድ ቅርጽ ይዞ ሦስት ቦታ ይደርሳል። የሚነሣበት ተቃውሞ እውነት አለው፤ ማክሰኝት ውስጥ አንድ ወጣት እኩያውን «አንቱ» ቢል ያስቃል፣ ለትንሽ ልጅ ቢለው ደግሞ የበለጠ፤ «ልንገርዎት» እና «ልርዳዎት» የሚሉትን የተሳቢ ቅርጾች ማስለመድም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከመጠን በላይ አክብሮ የተሳሳተ ሰው የሚገጥመው ሳቅ፣ ሽማግሌን «አንተ» ብሎ የተሳሳተ ሰው ከሚገጥመው ዝምታ እጅግ የተሻለ ነው፤ ሳቁ ንግግር ይከፍታል፣ ብዙ ጊዜም እርማቱን ይዞ ይመጣል።

ይህን ዓይነት ቀረጻ በማክሰኝት ለማካሄድ የሚያስፈልገው መሣሪያ ስልክና ፈቃደኛ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስቸግረው ማድረሱ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ በመቆየቱ፣ በኢንተርኔት መኖር ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ከሁለቱም ጫፍ ሊቆም እንደሚችል ታይቷል፤ እዚያ ያለው ሰው መላክ አይችልም፣ ውጭ ያለው የልጅ ልጅም ደውሎ የተማረውን መሞከር አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ንግግር ከምስሉ ለይቶ በድምፅ ብቻም ማስቀመጥ ይገባል፤ የድምፅ ፋይል ትንሽ ስለሆነ በሜሞሪ ካርድም በቴሌግራምም ይዞራል፣ ደካማ ግንኙነት ባለበትም ይወርዳል።

ከዚያው ፋይል ሌላ ቅጂ ማውጣት ደግሞ በ1964ቱ ክር ላይ የነበረውን ክፍት ጊዜ በተሻለ መንገድ ይመልሰዋል፤ ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች የአንዱ ድምፅ ይጠፋል፣ የሌላው በተፈጥሮ ፍጥነቱ ይቀጥላል፣ ተማሪውም የጠፋውን ሰው ቦታ ይይዛል። በመጀመሪያ መጥፋት ያለበት የወጣቷ ገዢ ድምፅ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣ ወጣት ተማሪ ማክሰኝት ገበያ ውስጥ የሚጠብቀው ቦታ የእሷ ነውና። ሽማግሌው «ስንት ልስጥሽ?» ብለው ጠይቀው የሰከንድ አምስተኛዋ ስታልፍ ወደሚቀጥለው ቃላቸው ይሄዳሉ፤ ተማሪው ከዘገየ ያመልጠዋል፣ ይደግማልም። ሲለምደው ቦታው ይቀየራል፤ የሽማግሌው ድምፅ ይጠፋና ተማሪው በተራው ወጣቷን «ስንት ልስጥሽ?» ይላታል።